ለሐሙስ የተቀጠረው ጌም

ሥራውን የጀመርኩት ቡታጅራ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የጌም ቤቱ ባለቤት ሙዘሚል አንድ ካርቶን ብልሹ ጆይስቲክ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና «እስቲ ከነዚህ ውስጥ ነፍስ ያለው ካለ ፈልግ» አለኝ። ቴሌቪዥንና ራዲዮ መጠገንን የተበላሸ እየፈታሁ ብቻዬን የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጆይስቲክ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ስከፍተው የሱፍ ቅርፊት፣ የማስቲካ ወረቀትና የሰው ጥፍር አገኘሁበት።

«ይጫወቱበታል ወይስ ይበሉበታል?» አልኩት።

«ሁለቱንም። ሲሸነፉ ደግሞ ይወረውሩታል» አለኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። በትንሿ ባለመስቀል ካቻቢቴ ብሎኖቹን ትፈታለህ፤ ውስጡን በአልኮልና በጥጥ ትጠርጋለህ፤ የተላቀቀ ሽቦ ካለ በመበየጃ ትመልሳለህ። ቀድሞ የሚያልቀው በአውራ ጣት የሚገፋው የግራው ዘንግ ነው፤ ተጫዋቹ ሁሉ በእሱ ወደፊት ስለሚሮጥ። ማዕረግም አለ። ከላይ ባለቤቱ፣ ቀጥሎ ሰዓት ያዡ፣ ከታች ጠጋኙ። ሰዓት ያዡ «አበቃ!» ብሎ ሲጮኽ ግን የሚጫወተው ባለቤቱም ቢሆን ተነሥቶ ቦታውን ይለቃል። ይህን ሥርዓት ከመጀመሪያው ወደድኩት።

ከዓመታት በኋላ ወልቂጤ ገብቼ የራሴን ቤት ከፈትኩ፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት የጌም ማሽን፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ አግዳሚ ወንበር። በሩ ላይ ሕጌን ለጠፍኩ። ውርርድ የለም፤ ጫት የለም፤ ስድብ የለም፤ ዩኒፎርም የለበሰ አይገባም። አብረውኝ የሚያመልኩ ሰዎች «አንተን የመሰለ አባት እንዴት ጌም ቤት ይከፍታል?» ይሉኝ ነበር። «እኔ ካልከፈትኩት ሕግ የሌለው ሰው ይከፍተዋል» ብዬ እመልስላቸዋለሁ። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ከጆይስቲክ በቀር የሚያበላኝ ሥራ አለመኖሩ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ደግሞ «ጋሽ ወልዴ ጋ ለመጫወት መጀመሪያ ንስሐ ግባ» ይባባሉ ነበር።

ያኔ ሁሉም የሚጫወተው እግር ኳስ ነው። ይገባሉ፣ ይጫወታሉ፣ «አበቃ!» እላለሁ፣ ይወጣሉ። አንድ ቀን ኮምፒውተር የምትማረው ልጄ ሊዲያ ሌላ ዓይነት ጌም ማሽኑ ላይ ጫነች።

«ይሄ አንዱ ጨዋታ ስንት ደቂቃ ነው?» አልኳት።

«አባዬ፣ ይሄ ታሪክ ነው። ደቂቃ የለውም።»

«ታሪክ ከሆነ መጽሐፍ አይሻልም?»

«መጽሐፍ ላይ አንተ አትወስንም። እዚህ ትወስናለህ።»

ነገሩ ይህ ነው። ምድር ደርቃለች፤ ጥቂት ሰዎች ዘር ጭነው በጠፈር መርከብ ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳሉ። ተጫዋቹ ካፒቴኑ ነው። ከሰዎቹ ጋር ያወራል፣ ብልሽት ይጠግናል፣ ከባድ ጥያቄ ሲመጣበት ስክሪኑ ላይ ከቀረበለት አንዱን ይመርጣል፤ ታሪኩም በመረጠው መንገድ ይሄዳል። ጆይስቲኩን የሚይዘው ናስር የሚባል ባጃጅ ነጂ ነበር። እንግሊዝኛውን ሊዲያ ጮክ ብላ ወደ አማርኛ ትመልሳለች። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይፈርዳል። ኳስ ሊጫወት የመጣው ሳይቀር ተራውን ይረሳል። እኔ «አበቃ!» የምልበት ቦታ ጠፋኝና በሰዓት ማስከፈል ጀመርኩ።

ወይዘሮ ወለተ የከሰሱኝ በዚህ መሐል ነው። ወይዘሮ ወለተ ገበያ ላይ ቆጮ ይሸጣሉ። ልጃቸው ኤርሚያስ ዩኒፎርሙን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ፣ በቤት ልብስ እኔ ጋ ሲውል ኖሯል። ቀበሌ ከመሄዳቸው በፊት ለሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አመለከቱ። አንዱ ሐጂ ሸረፋ ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ። ሌላው ከጎጃም መጥተው ወልቂጤ ሲያስተምሩ ያረጁት ጡረተኛው መምህር ታደለ ናቸው። የሁለቱ ቃል ቀበሌ ዘንድ ይከበራል። ይዘጋ ካሉ ቤቴ ይዘጋል፤ የሊዲያም ትምህርት አብሮ ይቆማል።

ሽማግሌዎቹ ወይዘሮ ወለተን አስከትለው ሰኞ ከሰዓት መጡ። ሐጂ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ሲገቡ አግዳሚው በሙሉ ተነሣላቸው። ናስር ብቻ ጆይስቲኩን እንደያዘ ቀረ፤ ታሪኩ የጨነቀው ቦታ ደርሶ ነበር። የመርከቧ መካኒክ ለሁሉም ከሚከፋፈለው ኦክስጅን ሰርቆ ተይዟል። የሰረቀው ለታመመ ታናሽ ወንድሙ ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ ወጥቷል፤ ከመርከቧ ይባረር፣ ወይም በዝምታ ይታለፍ።

«ቢባረር የት ይሄዳል?» አሉ መምህር ታደለ።

«ውጭ ነዋ መምህር። ጠፈር ላይ» አለ ናስር።

«ውጭው ላይ ምን አለ?»

«ምንም። አየርም የለ።»

«ታዲያ መግደል አትለውም? ማባረር እያልክ ታሽሞነሙነዋለህ!»

«እኔ ምን አደረግኩ መምህር? ማሽኑ እኮ ነው!»

ሐጂ ሸረፋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «በዝምታ ማለፍም አይሆንም፤ ነገ ሌላው ይሰርቃል። ሦስተኛው መንገድ የታለ?»

«የለም ሐጂ፤ ሁለት ብቻ ነው» አለች ሊዲያ።

«እንዴት ሁለት ብቻ ይሆናል? ሰውየው ዘመድ የለውም? ዋስ የለውም? የተሰረቁትስ ተጠርተው አይናገሩም?»

«ሐጂ፣ ያቺ ቀይ መስመር እያለቀች ነው! ካለቀች ማሽኑ ራሱ ይመርጣል!» አለ ናስር ላብ እያጠመቀው።

«አቁመዋ!»

ናስር አቆመው። ሐጂ ሻሻቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ቁጭ ብድግ ተብሎ አይፈረድም። ለሐሙስ ይቀጠር» አሉ።

«የቤቱም ጉዳይ ያኔ አብሮ ይታይ» አሉ መምህሩ። ወይዘሮ ወለተም እሺ አሉ።

እኛ ዘንድ ከባድ ነገር በቀጠሮ ያድራል። ሰው ይረጋጋል፣ ያልተሰማ ይሰማል። ማሽን ግን ከዚያ በፊት ተቀጥሮ አያውቅም።

እንደወጡ ሊዲያ ጭንቅላቷን ያዘች። «አባዬ፣ ይሄ ጌም የደረስንበትን ሴቭ አድርጎ የሚይዘው ምዕራፍ ሲጀመር ብቻ ነው። ማሽኑ ከጠፋ ወደ ኋላ ይመለሳል።»

«ታዲያ አይጥፋ።»

«እስከ ሐሙስ?»

«ቀጠሮ ቀጠሮ ነው።»

ደህናው ማሽኔ እንደበራ ቆመ። መካኒኩ አንገቱን ደፍቶ ስክሪኑ ላይ ተገትሯል። ሰው በበሩ ብቅ እያለ «አሁንም እዚያው ነው?» ይላል። አንዷ ጎረቤት «እህል እንኳ አልቀመሰም እኮ» አለችኝ፤ መቀለዷን እርግጠኛ አልነበርኩም። ናስር የባጃጁን ትርፍ ባትሪ አመጣ፤ እኔ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚቀይረው ኢንቨርተር ጋር አያይዤ ከማሽኑ ሥር አስቀመጥኩት። ማክሰኞ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ተሸከመው። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ግን መብራት እንደገና ጠፋና ቆየ። ባትሪው በቅጡ አልሞላም ነበር። ኢንቨርተሩ ሲያለቅስ ቆይቶ ዝም አለ። መካኒኩም ጠፋ።

ሊዲያ አጠገቤ ቆመች። «አይዞህ አባዬ። መብራት ሲመጣ ምዕራፉን ደግመን ተጫውተን እዚያው ቦታ ላይ እናቆመዋለን። እንደነበረ ነው የሚሆነው፤ ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ቀጠሯችንን አላከበረም ብለው ቤቱን ቢዘጉትስ? ለአንድ ጌም ብለህ?»

ተቆጣኋት። ክፉኛ የተቆጣኋት፣ የተናገረችው እኔ ራሴ ያሰብኩትን ስለነበር ነው። ቤቴ ውስጥ ልጆቼን ዋሽታችኋል ብዬ ስቀጣ የኖርኩ ሰው፣ እሷን አጠገቤ አስቀምጬ ሽማግሌ ልዋሽ አልችልም። የተሰበረውን ነገር ያልተሰበረ አስመስሎ ማቅረብ ከሙያዬም ጋር አይሄድም። እንደዚያ የሚያደርግ ጠጋኝ አውቃለሁ፤ ደንበኛው ከወር በኋላ እየተራገመ ይመለሳል።

ሐሙስ ቤቱ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ነገርኳቸው። መብራት ጠፋ፣ ባትሪው አልቻለም፣ ጉዳዩ ካቆምንበት የለም።

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። «እና ሰውየው አሁን የት ነው?»

«ወደ ኋላ ተመልሷል ሐጂ። ምዕራፉ ገና ሊጀመር ነው» አለች ሊዲያ።

«ሰርቋል?»

«አልሰረቀም። ገና ነው።»

የሐጂ ፊት በራ። «አልሰረቀም! ታዲያ ምን ታዝናላችሁ? አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ! ጥፋቱ ሳይፈጸም የደረሰ ሽማግሌ የት ይገኛል? በል ናስር፣ ጀምር።»

ናስር ጀመረ። እንደ ልማዱ በመርከቧ ኮሪደር ላይ ወደፊት ሮጠ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ መምህር ታደለ። «ወዴት ነው?»

«ሞተር ክፍል፤ ብልሽት አለ።»

«ያ በስተቀኝ ያለፍከው በር ምንድን ነው?»

«የሕሙማን ክፍል። እዚያ ምንም አይገኝም መምህር።»

«የመካኒኩ ወንድም ታሟል አላላችሁም?»

«ታሟል።»

«በሽተኛ ተኝቶ በደጁ ሮጠህ ታልፋለህ? ምን ዓይነት ካፒቴን ነህ አንተ?»

ወይዘሮ ወለተም ክሳቸውን ረሱ። «ግባና ጠይቀው እንጂ! እናት የሌለው ልጅ!» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ናስር ግን አልሳቀም፤ ተመልሶ ገባ።

ልጁ ተኝቷል። ካፒቴኑ አጠገቡ ሲቀመጥ ልጁ ተናገረ፤ ሊዲያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰችልን። «የሚሰጠኝ አየር አይበቃኝም። ወንድሜ ለማንም አትንገር ብሎኛል።» ስክሪኑ ላይ እስከዚያ ቀን ያላየነው ምርጫ ወጣ፤ ካፒቴኑ ከራሱ ድርሻ ሊያካፍለው ይችላል። ናስር ማንንም ሳይጠይቅ ተጫነው። ጨዋታው ቀጠለ። የሌብነቱ ሰዓት ሲደርስ መካኒኩ ወደ ማከማቻው አልሄደም፤ ወደ ካፒቴኑ በር መጣና አንኳኳ። ሊያመሰግን ነበር የመጣው።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሊዲያ «አባዬ፣ ይሄ መንገድ መኖሩን እኔም አላውቅም ነበር» አለችኝ።

ሐጂ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቀው ወደ ወይዘሮ ወለተ ዞሩ። «ኤርሚያስ ለምን ከክፍል እንደሚቀር ጠይቀሽዋል?»

«ገርፌዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተ።

«አንተስ ወልዴ?»

«ሕጉን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ።»

«ጠይቀኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

አልጠየቅኩትም ነበር። በየቀኑ ሳየው እውላለሁ፤ ዩኒፎርም አለመልበሱን ብቻ ነበር የማየው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበርና እዚያው ጠየቅነው። ኤርሚያስ ወለሉን እያየ «ሒሳብ አይገባኝም። ስጠይቅ ክፍሉ ይስቅብኛል» አለ። ከዚያ በቀር ሌላ ነገር አልነበረውም።

«ነገ እኔ ቤት ና። እኔ ሒሳብ አልችልም፤ የሚችል ሰው ግን አውቃለሁ» አሉ መምህር ታደለ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ቤቱ በትምህርት ሰዓት ይዘጋል፤ ከዚያ ውጭ ይሠራል። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ሲመጣ እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ፤ ከትምህርት የቀረ ከሆነ ወላጁ ቤት ድረስ እሄዳለሁ። ወይዘሮ ወለተ «ኤርሚያስ ግን ቅዳሜ ብቻ!» ብለው ጨመሩበት፤ ጸደቀላቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ሄጃለሁ። አንዳንዱ ያባርረኛል፣ አንዳንዱ ያመሰግነኛል። ገቢዬ ቀንሷል፤ ሊዲያ ግን ትምህርቷን አላቋረጠችም።

ይህን ሥራ ለጀመራችሁትም ልትጀምሩ ለምታስቡም የምላችሁ አንድ ነገር ነው። በር ላይ የተለጠፈ ሕግ ማንንም አያነጋግርም። የገባውን ሰው መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ እንዴት እንዳለ ጠይቁት። ጆይስቲኩን ከዚያ በኋላ ስጡት።