ስልኩን የሚሳደቡት ልብስ ሰፊ

ሰፈርተኛው «ጋሽ መቀስ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ ስማቸውን ያገኙት በሙያቸው ብቻ አይደለም፤ ምላሳቸውም ይቆርጣል። ሠላሳ ዓመት በእግር በሚረገጥ መኪና ሰፍተው ልጅ አሳድገዋል። ዘንድሮ ጉልበታቸው እምቢ ቢላቸው፣ ሹፌሩ ልጃቸው ጠርዝ የሚዘመዝም የኤሌክትሪክ መኪና ገዛላቸውና መንገዱን ቀጠለ። ቤት የቀሩት እሳቸው፣ ምራታቸውና ጡት የምትጠባው የልጅ ልጃቸው ናቸው።

ሰኞ ለሚከፈተው መዋዕለ ሕፃናት ስልሳ የደንብ ልብስ ሊያስረክቡ ቃል ገብተው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን አዲሱ መኪና ስፌት መዝለል ጀመረ። ጨርቁን ሳብ ሲያደርጉት ጠርዙ ይተረተራል። ክር ቀየሩ፣ ዘይት ጠብ አደረጉ፤ ውሃ ወቀጣ ሆነ። መኪናውን የሚጠግነው ሰው አገር ውስጥ የለም። ርእሰ መምህርቷ ቀኑ ካለፈ ሥራውን ለሌላ እንደምትሰጥ አስቀድማ ነግራቸዋለች። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው።

«መኪናው አይደለም፤ እኔ ነኝ ያለቅሁት» አሉ፣ ቅስማቸው ተሰብሮ። «ሱቁን ልዝጋው መሰለኝ።»

«ምን ያዘጋዎታል? መፍትሔው ስልክዎ ውስጥ አይጠፋም» አለች ምራታቸው።

ስልኩን ከፈቱት። በአንድ ጠርሙስ ቅባት ፀጉር አበቅላለሁ የሚል ራሰ በራ ሰውዬ ብቅ አለ። ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን አስተካክለው ከቪዲዮው ሥር መጻፍ ጀመሩ።

«አባባ፣ ምን እየጻፉ ነው?»

«‹አሳዳጊ የበደለህ! በመጀመሪያ የራስህን አብቅል› እያልኩት ነዋ! ሁለተኛ ደጄ ድርሽ አይልም።»

ጣታቸውን አንሸራተቱ። ያው ራሰ በራ፣ ሌላ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ምራቲቱ በሳቅ ስትንፈቀፈቅ ሕፃኗ ጡቷን ለቃ አየቻት።

«እርስዎ እኮ እየጠሩት ነው!»

«እኔ? እየረገምኩት?»

«ስልኩ እርግማንና ምርቃት አይለይም። አንድ ሰው ጋ ከቆዩ፣ ደግሞም ከጻፉለት፣ ወደዱት ብሎ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ይጠራልዎታል። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰሙም? ዝም ብለው ይለፉት።»

«ሳልሰድብ?»

«ሳይሰድቡ።»

«ይሄማ ሲጋራ ከመተው ይብሳል» አሉ፤ እሱንም በስንት መከራ ነው የተውት።

ምራቲቱ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኝታ ሥራ ጀመረች። የሚጨቃጨቀውን፣ የሚምለውን፣ «ዛሬውኑ ካልገዛችሁ» የሚለውን ሁሉ «አልፈልግም» የምትለዋን ቁልፍ እየተጫነች ታባርር ጀመር። ከዚያ የመኪናውን ዓይነትና ሕመሙን፣ «ስፌት ይዘላል» ብላ፣ ፈለገች። አሁንም ወሬኛው ብዙ ነው። «ፊቱን ብቻ የሚያሳየን ይለፍ፤ እጁን የሚያሳየን ይቆይ» አለች። «ከሥር ደግሞ ‹ሞክሬው ሠራልኝ› የሚል ሰው እንፈልግ።»

እጅ ከተባለማ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ወንበራቸውን ሳቡ። «ይሄ ጨርቅ ይዞ አያውቅም፣ እለፊው! ያቺ ደግሞ መቀሱን እንደ ማንኪያ ነው የያዘችው፤ እለፊያት!» ስድብ የለመደ አንደበታቸው ሁለቴ ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ነከሱ። በማግስቱ ስልኩ ራሱ መርፌና ክር ያመጣላቸው ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት እጆች ብቻ የሚታዩበት አንድ ቪዲዮ መጣ። ሴትዮዋ የምትናገረውን ቋንቋ ሁለቱም አያውቁትም።

«ይቺ ሰፊ ናት» አሉ ጋሽ መቀስ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ጠቋሚ ጣቷን እዪው፤ መርፌ ስንት ጊዜ ወግቶታል።»

ሴትዮዋ መርፌውን የሚያጠብቀውን ብሎን አላላች፣ መርፌውን ወደ ላይ እስኪቆም ድረስ ገፋችና መልሳ አጠበቀች። በቃ። ጋሽ መቀስ ረቡዕ ዕለት መርፌ ቀይረው ነበር፤ አዲስ ስለሆነ ደግሞ አልጠረጠሩትም። ተነስተው ብሎኑን ሲያላሉት፣ ከመርፌው አናት በላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ክፍተት ቀርታ ኖራለች። መርፌውን ገፍተው አጠበቁና ቁራጭ ጨርቅ አስገቡ። አንድም ሳይዘል ወጣ። በሁለት እጃቸው ሳቡት፤ ንቅንቅ አላለም።

«አንቺ ልጅ፣ አንጀቴን አራስሽው!»

ቅዳሜና እሑድ እሳቸው ሲዘመዝሙ፣ ምራቲቱ ትርፍ ክር ስትቆርጥ፣ ሕፃኗም በተቆለለው ልብስ ላይ ስትንከባለል አለፈ።

ሰኞ ማለዳ ርእሰ መምህርቷ መጥታ አንዱን አንስታ ሳበችው። «እጅዎ እንዳለ ነው ጋሼ!» አለች።

ዝም ብለው ምስጋናውን መውሰድ ይችሉ ነበር። «እጄማ ጉድ ሠርቶኝ ነበር» አሉ። «መርፌውን አጉል ሰክቼ ሳበቃ መኪናውን ስወቅስ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የሚረባውን አጣርታ ያወጣችልኝ ምራቴ ናት። እሷ ባትኖር ሱቁ ዛሬ ዝግ ነበር።»

«እርስዎ ጣቱን ባይለዩ ኖሮ እኮ እኔ...»

«ዝም በይ፣ እያመሰገንኩሽ ነው!»