የአባቴ የአደን ወንበር

አባቴ ስዊድን አገር፣ አካላ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ዘንድ ከመጡ ጥቂት ወራት እንደ ሆናቸው «አገሬ መልሺኝ» ማለት ጀመሩ። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ምክንያታቸው ጉልበታቸው ነበር። መሀል ከተማ ቱነልባና ከሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ወርደን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደው ዳገት ትፈትናቸዋለች፤ እመንገድ ላይ ቆመው አጥር ሲደገፉ ሳይ ሆዴ ይባባል። ጤና ጣቢያው ስዊድኖች ሮላቶር የሚሉትን ባለ ጎማ መደገፊያ ሊሰጣቸው ቢል «እኔ ጋሪ አልገፋም» ብለው መለሱት። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸውና እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እኔ ግን እንዲሄዱብኝ አልፈልግም ነበር። እናቴን ሳልጠግባት ነው ያጣኋት፤ አባቴንም በስልክ ብቻ ማወቅ አንገሽግሾኛል።

መላው የመጣው ከታች ፎቅ ከሚኖረው ስዊድናዊ ጎረቤታችን ነው። በየመኸሩ ጫካ ገብቶ ኤልግ የሚሉትን በሬ የሚያህል አጋዘን የሚያድን ሰው ነው። አንድ ቀን አባቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሲያርፉ አያቸውና ምድር ቤት ካለው ዕቃ ቤቱ አንድ ታጣፊ ወንበር አወጣ። አዳኞች በጀርባቸው አዝለውት ሄደው አውሬው እስኪመጣ የሚጠብቁበት ነው፤ ቀላል የብረት እግሮች፣ ከላይ ወፍራም ሸራ፣ ከጎኑ የትከሻ ማንገቻ። አብሮት የነበረውን ቦርሳ አይጥ በልቶት አጽሙ ብቻ ቀርቷል። የሚስማማ ቦርሳ ፈልጋችሁ እሰሩበት አለን። አባቴ አገላብጠው አዩትና ፊታቸው በራ። የአዳኝ ዕቃ እንጂ የበሽተኛ ዕቃ አልነበረማ።

ቅዳሜ ሶለንቱና በሚባለው ሰፈር አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ገበያ ይዣቸው ሄድኩ። አመራረጡን ጎረቤታችን አስጠንቶኛል። ቦርሳው ከወንበሩ ወርድ መብለጥ የለበትም፤ ወንበሩ ሲዘረጋ ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ስለሚንጠለጠል መሬት ከነካ እግሮቹ አይከፈቱም። ወዲያው ለቴርሞስና ለሹራብ የምትበቃ አንዲት ሚጢጢ ቦርሳ አገኘሁና ገዛኋት። አባቴ ዘወር ብለው እንኳ አላዩዋትም። ዘማች ይዞት የሚወጣውን የመሰለ አረንጓዴ ቦርሳ ታቅፈው ቆመዋል። ምን ሊይዙበት እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «አይታወቅም» አሉኝ። ግትር ናቸው። እኔም የማን ልጅ ነኝና ተከራከርኩ፤ ተረታሁም።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክከን ስናስር ዋልን። መጀመሪያ ዝቅ አድርገን አሰርነው። ወንበሩን ስንዘረጋው የቦርሳው ቂጥ መሬት ነክቶ እግሮቹ በግማሽ ቀሩ፤ አባቴ ሊቀመጡበት ሲሉ ተንሸራተው ምንጣፉ ላይ ዘፍ አሉ። ደንግጬ ላነሳቸው ብል በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እዚህ ከመጡ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ቀጥለን ሽቅብ አወጣነው፤ በላይኛው ብረት ሁለት ጠፍር፣ በግራና በቀኝ አንዳንድ፣ ከዚያ ዘለበቱን እስኪጠብቅ ድረስ ሳብ። አሁን እግሮቹ ወለል ብለው ተከፈቱ። ብቻ አባቴ ሲያዝሉት ቦርሳው ከራሳቸው በላይ ብቅ ይላል። ጎረቤታችን አይቶ፣ አባትሽ ስንት ኤልግ ሊያመጡ ነው ብሎ ቀለደብኝ።

እሑድ ጠዋት ከጣቢያው ስንወጣ ጭንቀቴ መጣ። አባት ያን ጋራ አዝለው፣ ልጅት እጇን እያወዛወዘች፤ ያየን አበሻ ሁሉ ምን ይለኛል? ልቀበልዎት ብላቸው አልሰጥም አሉ። ይባስ ብለው እኔን ቅደሚ ብለው አዘዙኝ። ቀደምኩ፣ በየእርምጃው እየተገላመጥኩ። ዳገቱ ሥር ሁለት ወጣቶች ከኋላ ሮጠው ደረሱባቸው።

«አባባ፣ በሞቴ፣ ለእኔ ይስጡኝ» ሲል ሰማሁ አንደኛው።

አባቴ ሳይግደረደሩ ጀርባቸውን ሰጡት። ልጁም ጨዋ ነውና ቶሎ ላድርስላቸው ብሎ ወንበሩን እንዳዘለ ሽቅብ ተፈተለከ።

መቀመጫቸው ሄደ። ደሜ ፈልቶ ቁልቁል ስመለስ አባቴ ሁለተኛውን ወጣት ክንዱን ይዘው የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተማረ ይጠይቁታል። ሁለት ሴቶችም ሰላምታ ሊሰጡ ቆመው አብረዋቸው ቀጠሉ። ዳገቱን እያወጉ ወጡት፤ አባቴ አጥሩን አንዴም አልያዙም። እበሩ ላይ ያ ፈጣን ልጅ ወንበሩን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል።

ቤት እንደ ገባን፣ ሁለተኛ ወንበራቸው እንዳይነጠቅ ብዬ ቦርሳውን በሚጢጢዋ ልለውጥ ዘለበቱን መፍታት ጀመርኩ። ያ ሁሉ ቦርሳ ላባ ሆነብኝ። ስከፍተው የሶፋዬ ትራስ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ሲኮርጅ እንደ ተያዘ ተማሪ አፈሩ።

«አገር ቤት ከታክሲ ስወርድ ቦርሳዬን የሰፈር ልጆች ተቀብለውኝ ከእኔ ቀድሞ ነበር ቤት የሚደርሰው» አሉ። «እዚህ ባዶ ጀርባዬን ስሄድ ማን ያስቆመኛል?»

ታዲያ ጉልበትዎስ አልኳቸው።

«ጉልበቴማ እዚያም ያመኝ ነበር።»

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ከሐኪም ሐኪም ሳንከራትታቸው ከርሜያለሁ። የፈታሁትን ዘለበት መልሼ መቆለፍ ጀመርኩ። ጠፍሮቹን ሳጠብቅ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ረዘም ያለ መንገድ የለውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለው፣ የፊታችን እሑድ በዚያ እንሄዳለን አልኳቸው። ትራሱን መልሼ ከተትኩ፤ ቦታ ስለ ተረፈ የአልጋዬንም ትራስ ጨመርኩበት።