ለወንድሟ ኩላሊት ልትሰጥ የሄደችው ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ የሚያውቃት «ቀጥ በይ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ደንበኛ ስትለካ የመጀመሪያ ቃሏ «ቀጥ በይ» ነው፤ ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም በሴት አንቀጽ ታዛለች፤ የተቀየማት ግን የለም።

መንገድ ዳር ባለችው ክፍሏ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና ግድግዳ ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም አለ። ሃያ ዓመት ሠርታባታለች። ጆሮዋ ከበድ ይላል፤ «የመኪናው ጩኸት ነው» ትላለች። እግሯ ያብጣል፤ «ቁጭ ብሎ መዋል ያመጣው ነው» ትላለች። ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ሽንቷ ውስጥ ደም ታይቶ ነበር። «ስትወልጂ ይጠፋል» አሏት። ወለደች፤ ረሳችው።

የኩላሊት በሽታ ለቤታቸው እንግዳ አልነበረም። የእናቷ ወንድም በወጣትነቱ ጆሮው ደንቁሮ፣ በኋላም ኩላሊቱ ደክሞ ሞቷል። ቀለም ቀቢው ታናሽ ወንድሟም በሠላሳ ሦስት ዓመቱ የኩላሊት እጥበት ጀመረ። እናታቸው በሕይወት ሳለች «የወንዶቻችን ዕጣ ነው፤ ሴቶቹን አይነካም» ትል ነበር። እሷም ይህን አምና ኖረች።

አንድ ቀን ክፍሏን ቆልፋ ቤት ስትገባ ለባሏ «ሁለት አሉኝ አይደል? አንዱን ለወንድሜ እሰጠዋለሁ» አለችው። ባሏ ፈራ፤ ግን ቆርጣ የተነሳችን ሴት ማን ይመልሳታል? ሐኪም ቤት ድረስ ሸኛት።

ምርመራው ካለቀ ከሳምንት በኋላ የኩላሊት ሐኪሟ አስጠራቻት። ወረቀት ዘርግታ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መሳል ጀመረች፤ ወንዶቹን በአራት ማዕዘን፣ ሴቶቹን በክብ። የአጎትየውንና የወንድሟን አጠቆረች።

«ከሴቶቹስ የታመመ የለም?» አለች ሐኪሟ።

«ሴት አይዛትም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እናቴ።»

«እናትዎ ብቻ አይደሉም። እኛ ሐኪሞችም ይህን ኩላሊትንም ጆሮንም የሚጎዳ የዘር በሽታ ሴቶች ለልጆቻቸው ያስተላልፉታል እንጂ አይታመሙበትም እንል ነበር። ተሳስተናል። ሴቶች ላይ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ልብ የሚለው የለም። ሽንትዎ ውስጥ ደምና ፕሮቲን አለ፤ የደም ግፊትዎም ከፍ ብሏል። ጆሮዎንም መኪናው ብቻውን የጎዳው አይመስለኝም።»

«ታዲያ ወንድሜስ?»

«ሁለቱም ኩላሊቶችዎ ለራስዎ ያስፈልጉዎታል።»

ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለራሷ ሳይሆን ባዶ እጇን ስለምትመለስ። ወንድሟን እጥበቱ ላይ ተኝቶ አገኘችው።

«አልሆነም። የኔም እንዳንተው ነው» አለችው።

እጇን ያዘና «እኔን ላድን ብለሽ ራስሽን አገኘሽ፤ እሰይ! ደግሞ ያንቺን ኩላሊት ቢያስገቡብኝ ቀን ከሌት "ቀጥ በይ" እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር» አላት። እያለቀሰች ሳቀች።

በዓመቱ የወንድሟ ሚስት ተመርምራ ኩላሊቷ የሚስማማው ሆኖ ተገኘና ሰጠችው፤ ዛሬ መሰላል ላይ ወጥቶ ይቀባል። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት ኪኒኗን ትውጣለች፣ ጨው ቀንሳለች፣ በየሦስት ወሩ ሽንቷን ትመረመራለች። የመስሚያ መሣሪያ ጆሮዋ ላይ ያደረገች ለት የባሏን ማንኮራፋት ሰምታ «ይሄን ሁሉ ዓመት አምላክ ነው የጠበቀኝ» አለች። የአሥራ ሰባት ዓመት ሴት ልጇም ሽንት ውስጥ ትንሽ ደም ተገኝቷል። ልጅቷ ስትደነግጥ ሐኪሟ «በጊዜ ስለደረስንበት ደስ ይበልሽ» አለቻት። ክትትሏን አታቋርጥም።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ በእናቷ በኩል ያለችው የአክስቷ ልጅ ዘንድ ሄዳ ተመርመሪ አለቻት።

«እኔ ወንድ ነኝ እንዴ?» አለች የአክስቷ ልጅ ተቆጥታ።

«እኔስ ነበርኩ?»

ሦስት ሳምንት አኮረፈች። በአራተኛው ደወለችና «ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለች። ሄዱ። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ኩላሊቷ ግን ገና ደህና ነበር፤ መድኃኒት ጀመረች። ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። በአንድ ጃንጥላ ተጣብቀው፣ የልጆቻቸውን ነገር እያነሱ እየጣሉ፣ ሳይቸኩሉ ወደ ቤት ሄዱ።