ተቀምጦ የሚጠይቅ ሽማግሌ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር በሚሄደው ሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። «ከእናቴ ማሕፀን ጀምሮ ጡንቻዬ ሰነፍ ነው» ብሎ ገና ሳንጠይቀው ነግሮናል። እጁን አያነሣም፣ እግሩ አይቆምም፣ አንገቱን የተጠቀለለ ፎጣ ደግፎለታል። የሚያዝዘው በአገጩ ነው። በአገጩ መስኮት አዘጋ፣ ዘፈን አስቀነሰ፣ አንዲት ላም ከሾፌራችን አዳነ፤ መንገዱ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ ዝናቡንም ያስቆመው ነበር።

ከኋላው ነጭ ኩታ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ከእሱ ጋር ሆነው ለታናሽ ወንድሙ ሚስት ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት።

«አንተ አምበር ስንደርስ ሻይ ቤት ብትቆየንስ?» አሉት ትልቁ ሽማግሌ፣ አያ ደመላሽ። «የልጅቷ አባት ዘር ቆጣሪ ናቸው። ሕመምህ በዘር ይመጣል መባሉን የሰሙ እንደሆነ…»

«ይቁጠሩና! ከእኔ ይጀምሩ።»

«ደግሞስ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቅ። እሺ ሳይባል አይቀመጥም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይቁሙ፤ ጉልበትዎ ሲከዳዎት እኔ ተቀምጬ እቀጥላለሁ።»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። እሱ ግን አልሳቀም።

«አያ ደመላሽ፣ ዛሬ ተደብቄ ነገ ሙሽሮቹ ልጅ ሲወልዱ ልውጣ? ሐኪሙ ያለንን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። እምቢ የሚሉ ከሆነም ፊቴን እያዩ ይበሉ።»

አምበር ላይ ተሸክመው አወረዱት። አያ ደመላሽ ኮሌታውን አስተካከሉለትና ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞሩ።

«በሉ፣ እሱ ከፊት ይሁን» አሉ።