ለሙሉነሽ የለቀቅኩት ተራ

ልብስ ስፌት ፋብሪካ የገባሁ ቀን መቀስ እንጂ ማሽን አልሰጡኝም። ካፖው፣ የመስመራችን አለቃ አቶ ደምሴ፣ ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ የተረፈውን ክር እየቆረጥኩ እንድለቅም አዘዙኝ። «ጨርቁን ከነካሽው ወየውልሽ!» አሉ። ከፍርሃቴ የተነሳ እስከ ምሳ ሰዓት አምስት ሸሚዝ እንኳ አልጨረስኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌታ ላይ አስቀመጡኝ። የኮሌታ ጫፍ ከተዛባ ሸሚዙ በሙሉ ያስጠላል። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ብሆንም፣ የሰፋሁት ኮሌታ ከጥራት ቁጥጥር የተመለሰው ጥቂት ጊዜ ነው።

የስልኩ ነገር የመጣው በቅርቡ ነው። ቢሮ የምትሠራው ሰላም በምሳ ሰዓት ሰብስባን፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወሩ ሳይሞላ በስልክ ብር መውሰድ ይቻላል። ከዚያ በሦስት ወር ተከፋፍሎ ይቆረጣል» አለችን። መተግበሪያውንም ስልካችን ላይ ጫነችልን።

የስፌት መስመራችን ሴቶች እቁብ አለን። በየወሩ እንጥላለን፣ እጣ የወጣላት ትወስዳለች። ስልኩም እንደዚያው መሰለኝ። አንድ ቀን «ሦስት ሺህ ብር መውሰድ ይችላሉ» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ፣ እጣዬ ወጣ አልኩ።

የልጄ የትምህርት ቤት ምዝገባ የሚከፈለው በሚቀጥለው ወር ነበር። አጠገቤ ኪስ የምትሰፋው ሙሉነሽ ግን እናቷ ሆስፒታል ተኝተውባታል። እቁብ ላይ ለተቸገረ ሰው ተራ ይለቀቃል።

«እንቺ፣ የኔን ውሰጂ። ያንቺ ሲወጣ ትሰጪኛለሽ» አልኳት።

«አስኩዬ፣ ምነው አንቺን ካፖ ባደረጉልን!» ብላ ሳመችኝ። ብሩን እዚያው ላኩላት።

በወሩ መጨረሻ ደመወዜ ጎድሎ ገባ። የስልኩን እቁብ ጥዬ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሙሉነሽን ያንቺስ ደመወዝ ስንት ጎደለ ብዬ ስጠይቃት ግን፣ «የኔማ ምንም አልጎደለም» አለችኝ።

«እንዴት? አንቺ አትጥይም እንዴ? በላሽብኝ?»

«አስካለ! እኔን ነው እንዲህ የምትይኝ?»

እየተነታረክን ሰላም ዘንድ ሄድን። ሰምታን ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ተወችው።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ እጣ የለውም። የወሰዱት የራስዎን ደመወዝ ነው። ለሙሉነሽ የሰጡትም ከርስዎ ነው የሚቆረጠው።»

«ሌሎቹ የጣሉትስ የት ገባ?»

«የጣለ ሰው የለም።»

«ሰብሳቢው ማነው ታዲያ?»

«የመተግበሪያው ኩባንያ ነው። የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳል።»

«የሱ ተራ መቼ ነው?»

«እሱ ሁልጊዜ ይወስዳል» አለች ሰላም፣ ቀስ ብላ።

ሙሉነሽ ማልቀስ ጀመረች። ከደመወዟ አንድ ሺህ ብር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ በላይ አልነበራትም። እኔም «በላሽብኝ» ስላልኳት ይቅርታ ጠየቅኳት። ምዝገባው ዓርብ ተዘጋ፤ ብሩ አልሞላልኝም። ሙሉነሽ የቀረውን በሚቀጥለው ደመወዝ ስትሰጠኝ ነው፣ የመዘግየት ቅጣት ከፍዬ ልጄን ያስመዘገብኳት። ቅጣቱን ተካፈልነው።

የአገልግሎት ክፍያው ለምን ወር በወር እንደሚለያይ ዛሬም አልገባኝም። ሰላም ሁለት ጊዜ አስረድታኛለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ገባኝ ብዬ ወጥቻለሁ።

አዲስ ለምትገቡ ሴቶች የምለው ይህን ነው፤ ብር ውሰዱ ሲሏችሁ ከማን ላይ እንደሚቆረጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሳይገባችሁ ገባኝ አትበሉ።