የሙንታሲር ወረቀት

ቡታጅራ ውስጥ ኢንተርኔት ጠፋ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠራው ሙንታሲር ነው። ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ዛሬ የየመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ ይዘረጋል። ጸባዩን ግን አታንሱት! ያስተካከለውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ማሽኑ የተቀመጠበት ሳጥን ላይ ካልለጠፈ እንቅልፍ አይወስደውም። ማሽን ይረሳል ባይ ነው። ይህን ሥራ ከያዘ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን "ተሳሳትኩ" ሲል የሰማው ሰው የለም።

አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ከአንድ የግል ኮሌጅ በጠዋት ተደወለለት። ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት የሚመጣ ፈተና አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ አርባ ተማሪ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ መስመሩ ግን ድርግም ብሏል። ሙንታሲር ባጃጅ ይዞ በረረ።

ዲኑ አቶ ወልደአማኑኤል በር ላይ ጠበቁት። ማሽኑን የነካ ሰው ዛሬውኑ ከሥራ ይባረራል ብለው ምለዋል። ሙንታሲር ገብቶ ቢያይ ሳጥኑ አንድ አቧራ የለበትም፤ ወረቀቱም የለም። መስመሩን ለየክፍሉ የሚያከፋፍለውን ማሽን፣ ስዊቹን፣ በላፕቶፑ ሲያየው ባዶ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን መስመር የሚቀበለው መሰኪያ፣ የፖርቱ ቁጥሮች በሙሉ ጠፍተዋል። እሱ ደግሞ አንዱንም በቃሉ አያውቅ። የጻፈው እኮ በቃሉ ላለመያዝ ነው!

የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ሳሌሃ መጥረጊያቸውን ይዘው ጥግ ቆመዋል። ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉት በዚሁ ሥራ ነው። አረፋ ሲደርስ ቤታቸውን እንደሚያጸዱት፣ ትናንት ይህንንም ክፍል አጽድተዋል።

"ልጄ" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ትንሿ ቀዳዳ አቧራ ነበራት። በስንጥር ጠረግኳት።"

ያቺ ቀዳዳ የማሽኑን ትዝታ ሁሉ የሚያጠፋው ቁልፍ ያለባት ናት። የሙንታሲር ደም ፈላ። ወረቀቱ ላይ በቀይ "አትንኩ" ብዬ ጽፌ የለ እንዴ ሊል አፉን ከፈተ፤ እማማ ሳሌሃ ፊደል እንዳልቆጠሩ ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። ወረቀቱን የት እንደጣሉት ብቻ ጠየቃቸው።

"አስተግፊሩላህ! ጽሑፍ ይጣላል እንዴ? የአላህ ስም ቢኖርበትስ?"

ከክፍሉ ቁም ሳጥን አናት ላይ በንጹህ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። ወረቀቱ እጥፋቱ እንኳ ሳይጎዳ ከነቁጥሩ አለ። ሙንታሲር ሊስማቸው ምንም አልቀረው።

ዲኑ ቶሎ በል እያሉ ከኋላው ቆሙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ እያንዳንዱን ቁጥር ሁለቴ እያየ አስገባ፤ ሃያ አራተኛውን ፖርት ለውጭው መስመር መልሶ መደበ። ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር አረንጓዴዋ መብራት በራች።

ያን ጊዜ ዲኑ ማን እንደነካው ጠየቁ። እማማ ሳሌሃ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አሉ።

"ተሳሳትኩ" አለ ሙንታሲር ቀድሟቸው። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሐሰት አልተናገረም። ክፍሉን የሚያጸዱት ሰው የማያነቡትን ማስጠንቀቂያ የለጠፈው እሱ ነው። ዲኑም መሐላቸውን ዋጡት፤ እሱን አባረው ማንን ሊጠሩ?

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙንታሲር የዚያን ኮሌጅ ቁጥሮች ሳጥኑ ላይ አይለጥፍም። ወረቀቱ እማማ ሳሌሃ ቤት፣ ከልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ካርድ ጋር፣ በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።