ከመስታወቱ ሥር የነበረው ሽማግሌ

ባለቤቴ ጌታቸው ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር መኪና ማሳጠብ ነው። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ነበር፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናችንን ጎን ዱቄት የተነፋበት አስመስሎታል። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ያለው ካር ዋሽ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ማናችንም ግን አልቸኮልንም። ብርቱካን እየላጥኩ አቀብለዋለሁ፣ እሱ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ይበላል። ተራችን ደርሶ አረፋው መስኮቱን ሲሸፍነውና ውስጡ ሲጨልም፣ ጌታቸው ሳቅ አለ።

«አንቺ ያን ቀን ባትመጪ ኖሮ ያ ሽማግሌ እስከ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር» አለኝ።

«የቱ ሽማግሌ?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«የመስታወቱ ነዋ።»

ትልልቆቹ ብሩሾች መጡና ወሬያችንን ዋጡት። በዚያው ሳምንት ትንፋሽ አጠረው።

አሁን ያንን ሽማግሌ የማስታውስ እኔ ብቻ ስለቀረሁ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው።

አሜሪካ፣ ሴንት ፖል በመጣን በሁለተኛው ክረምት ነው። ክረምት ስል የዚህን አገር ማለቴ ነው፤ ዝናብ የሌለበት፣ የአፍንጫ ውስጥ ፀጉር ሳይቀር የሚደርቅበት። ከተጋባን ብዙም አልቆየንም። እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ አጥባለሁ፣ አጣጥፋለሁ። ጌታቸው በአንዲት ትንሽ ሙዚየም ጥበቃ ተቀጥሮ ነበር። ዕረፍቴ በሆነ ቀን ምስር ወጥ በጠርሙስ አድርጌ፣ በሻርፕ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ምሳውን አደርስለታለሁ። ከዚያም ቤታችን ስለማይሞቅ እሱ የሚቆምበት ክፍል ገብቼ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ለሙቀቱ ብቻ ነበር።

በዚያ ክፍል የአንድ ሠዓሊ ደብዳቤዎች ነበሩ። ሰውዬው ነጮች ወደ ምዕራቡ ሜዳ ገና እየገቡ በነበረበት ዘመን በፈረስና በጀልባ እየዞረ ሥዕል ይሥል፣ መጽሐፍም ይጽፍ ነበር። ለሚስቱ ሲጽፍ ቃላት አይበቁትም፤ ከጽሑፉ ጎን በውሃ ቀለም ውሃ የሚጠጣ ጎሽ፣ ቆዳ የምትሰፋ የአገሬው ተወላጅ የዳኮታ ሴት፣ የተሰበረ የጋሪ እግር ይጨምርበታል። ጌታቸው ቀኑን ሙሉ ከደብዳቤዎቹ ጋር ስለሚቆም እየተረጎመ ያነብልኛል። ያላወቀውን ቃል መዳፉ ላይ ጽፎ ቤት መጥቶ መዝገበ ቃላት ያያል።

ከሁሉ የሚረዝመው ደብዳቤ ብዙ ገጽ ነበረው፤ ከመስታወቱ ሥር የሚታየው ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው። ብርሃን ቀለሙን ስለሚበላው አንዲት ሴትዮ በየጥቂት ሳምንቱ መጥታ መስታወቱን ትከፍትና ገጹን ትለውጣለች። የቀረውን ለማወቅ መጠበቅ ነው። ሠዓሊው መንገድ ከሚመራው ሽማግሌ ጋር በረዶ ይዟቸው አንዲት ጎጆ ውስጥ ቀርተዋል። ሽማግሌው ደረቱን ታሟል። መድኃኒት የለም። ሠዓሊው የደረቀ ሥጋ ቀቅሎ መረቁን በማንኪያ ያጠጣዋል፤ ማንኪያውንም ሥሎታል። ገጹ ያለቀው «ዛሬ ጠዋት ስነቃ የሽማግሌው ሳል» ላይ ነበር። ከዚያ በታች እንጨት እንጂ ወረቀት የለም።

በዚያው ሰሞን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ዘውዴ፣ ደሴ ውስጥ ታማ ነበር። እሷም ደረቷን ነው። ካርድ እየፋቅኩ እደውላለሁ፤ የሚያነሱት ሰዎች «ተሽሏታል፣ አሁን ግን ተኝታለች» ይሉኛል። ሁልጊዜ ተኝታለች። ምን ላድርግ፤ መሄጃ የለ፣ ገንዘብ የለ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀ። ቀስ በቀስ ሽማግሌው ከተነሣ እህቴም ትነሣለች የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ለጌታቸው ብቻ ነገርኩት። አልሳቀብኝም።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ «ገጹ ተለወጠ» አለኝ።

«ዳነ?»

«ድኗል። ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሥሎታል፤ ቀይ ፈረስ።»

በጣም ደስ አለኝ። እራት በላሁ፤ እሱ ግን አልበላም።

ቀዩን ፈረስ ለማየት የሥራ ተራዬን ተቀያይሬ፣ ሳልነግረው ሄድኩ። መስታወቱ ላይ ጎንበስ አልኩ። ፈረስ የለም። የተዘጋ በር ተሥሏል፤ በሩ አጠገብ አንድ ኮርቻ በረዶ ላይ ተቀምጧል። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም፣ መሬቱ ስለጠነከረ ሠዓሊው ሽማግሌውን መቅበር እንዳልቻለ መረዳት አላቃተኝም።

ቀና ስል ጌታቸው በሩ ላይ በዩኒፎርሙ ቆሟል።

«ለምን ሳትነግሪኝ መጣሽ?»

«ፈረሱ የታለ?»

መሬት መሬት አየ።

«እትዬ ዘውዴስ?» አልኩት።

አንዲት አሮጊት መጥተው መጸዳጃ ቤቱን ጠየቁት። በትሕትና ወደ ደረጃው ጠቆመላቸው። እስኪሄዱ ጠበቀና «ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚመጡት» አለኝ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ።

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ወዳጅ ዘመድ በንጋት መጥቶ ነው የሚያረዳው። ችግሩ ያለነው ሚኒሶታ ነው። አንዱ ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ያድራል፣ አንዷ ሌክ ስትሪት ሱቅ ትከፍታለች፣ ሌላው ታክሲ ላይ ነው። የሁሉም ሺፍት የሚገጥምበት አንድ ቅዳሜ እስኪገኝ ጌታቸው ሞቷን ብቻውን ይዞ፣ ከእኔ ጋር እየተኛና እየተነሣ ከርሟል።

ሙዚየሙ እስኪዘጋ ከበሩ መነሣት አይችልም ነበር። እኔም ብቻዬን አውቶቡስ መያዝ አልቻልኩም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ቆመ። ሊይዘኝ እጁን ሲያነሣ ሰው ይገባል፤ እጁን ወደ ቀበቶው ይመልሳል። እንዲያ ሆነን ዋልን።

ወደ ቤት ስንሄድ «እባክሽ እስከ ቅዳሜ እንዳልሰማሽ ሁኚ» አለኝ። «ጋሽ በላቸው ሰው ለመሰብሰብ ስንት ተንከራተቱ።» ጋሽ በላቸው እዚህ ላለነው ያገር ልጆች እንደ አባት ነበሩ።

እሺ አልኩት። ቅዳሜ በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። ጋሽ በላቸው የፓርኪንግ ሥራ ዩኒፎርማቸውን ሳይቀይሩ ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደረጃው ሙሉ ሰው። «እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ነሽና ቻይው» አሉኝ። እዚያው በሩ ላይ ጮኼ አለቀስኩ። የማውቀውን ነገር ነበር የነገሩኝ፤ ለቅሶዬ ግን የውሸት አልነበረም።

ሆስፒታል ውስጥ ጌታቸው እንደማይድን ዶክተሩ የነገረን ግን ከሰዓት በኋላ፣ ጎማ ባለው ወንበር ወደ አልጋው እየተጠጋ ነው። ለሁለታችንም እኩል ነገረን። ጌታቸው «ታንክ ዩ» አለው። ሰውዬው ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ «ቅዳሜን እንኳ አልጠበቀም» አለኝ።

እናቱ ደብረ ማርቆስ አሉ፤ በጣም አርጅተዋል። መታመሙን ሰምተዋል። ወንድሞቹ ተመካክረው መሞቱን እንዳይሰሙ ወሰኑ፤ አይችሉትም አሉ። እዚህ የተወለደችው ልጄ በእንግሊዝኛ «ማሚ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» ትለኛለች። ያን ማታ ስለ ፈረሱ ሲነግረኝ ጌታቸውን እራቱ ለምን አልወርድ እንዳለው ግን አሁን ገብቶኛል።

እሑድ ጠዋት ለእናቱ እደውላለሁ። ተሽሎታል፣ አሁን ግን ተኝቷል እላቸዋለሁ።